በምልክት መፍረድ

ሰው ሰውን የሚያውቀው በምንድን ነው? በመልኩ፣ በንግግሩ፣ በልብሱ ወይም በያዘው ወረቀት ነው ይባል ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ግን ምልክቶች ናቸው እንጂ ሰውየው ራሱ አይደሉም። እንግዲያው በምልክት የሚፈርድ ቢሳሳት ጥፋቱ የማን ነው? ይህን ለመመርመር የገዛ ደማችንን ምስክር አድርገን እናቀርባለን።

ስኳር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሻዩን ነው። ነገር ግን የሕዋሶቻችንም ገጽ በስኳር ሰንሰለቶች የተሸፈነ ነው። በነጭ የደም ሕዋስ ላይ ካሉት ሰንሰለቶች ጫፍ አራት ስኳሮች ተጋጥመው የሚገኙበት አለ፤ ሊቃውንቱ ሲያሊል ሉዊስ ኤክስ ይሉታል፤ ከአራቱም አንዱ ፉኮዝ ነው። እግራችንን እሾህ ወግቶት ቁስሉ የመረቀዘ እንደ ሆነ፣ በአጠገቡ ያለው የደም ሥር ግድግዳ ሴሌክቲን የተባሉትን ተቀባዮች ወደ ገጹ ያወጣል። እነዚህም ያን ምልክት ለይተው ይይዛሉ። አያያዛቸው ግን የሚያስደንቅ ነው፤ ያዝ ለቀቅ ያደርጋሉ እንጂ አጥብቀው አይጨብጡም። ሕዋሱም በደሙ ፍሰት እየተገፋ በግድግዳው ላይ ይንከባለላል፤ ፍጥነቱም ይበርዳል። በዚህ ጊዜ ከቁስሉ በኩል የሚመጣውን መልእክት ሲቀበል፣ ኢንተግሪን የተባሉት ሌሎች መያዣዎች አጥብቀው ያቆሙታል፤ ከዚያም ግድግዳውን አልፎ ወደ ቁስሉ ይዘልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት የሚያስገኘው ጥቂት ቆይታን እንጂ መግባትን አይደለም። ከብዙ የመሥሪያ ቤት ደጃፎች ይልቅ ይህ ደጅ ጥንቁቅ መሆኑን ሳንናገር አናልፍም።

ይህም ሆኖ ይሳሳታል። አንዳንድ የነቀርሳ ሕዋሶች ይህንኑ ምልክት ለብሰው ይገኛሉ፤ በደም ተጉዘው በሌላ ብልት ለመስፈርም ይረዳቸዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ደግሞ ሐኪሞች በሁለት ሕፃናት ላይ ያዩትን እንግዳ በሽታ ገለጹ። የሕፃናቱ ነጭ ሕዋሶች ያ ፉኮዝ የጎደላቸው ስለ ነበሩ ሴሌክቲኖቹ ሊይዟቸው አልቻሉም። ደማቸው በነጭ ሕዋስ ተሞልቶ ሳለ ቁስላቸው መግል እንኳ አይቋጥርም ነበር። ረዳቶቹ በደጅ እያለፉ ሕፃናቱ ይሠቃዩ ነበር።

ጠላት ምልክት ይዞ ሲገባ፣ ወዳጅም ምልክት አጥቶ ሲያልፍ ሴሌክቲንን መውቀስ ይገባልን? አይገባም። ቅርጽ ከቅርጽ ሲገጥም ይይዛል፤ ሳይገጥም ይለቃል፤ «ያውቃል» የምንለውም በአነጋገር ልማድ ነው። የማያመዛዝን ነገር አይበድልም። እኛ ግን ባለጉዳዩን ጫማውን አይተን ከደጅ ስንመልሰው «ደንቡ ነው» እንላለን፤ እንደ ሴሌክቲንም ንጹሕ መሆን እንሻለን። ይህ ምክንያት አይበቃንም፤ ምልክቱ መጉደሉን እያየን ሰውየውን ልንጠይቀው እንችል ነበርና። ይህን ስንል ምልክት ከነጭራሹ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ሺህ ሰው በሚያልፍበት ደጅ እያንዳንዱን መርምሮ ማወቅ ከቶ አይቻልም።

በጀርመን አገር ያሉ ሐኪሞች በዚሁ በሽታ ለታመመ አንድ ሕፃን ፉኮዝን በአፉ እንዲወስድ ሰጡት፤ ውጤቱንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 አስታወቁ። የጎደለው ምልክት በሕዋሶቹ ላይ ታየ፤ ይደጋግመው የነበረው መመርቀዝና ትኩሳትም ተወው። ያው ስኳር ለተሰጣቸው ሌሎች ሕሙማን ግን እንዲህ አልሆነላቸውም።