ተመልሳ ለምትመጣዋ ሴት

ልጄ፣ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል መመደብሽን ሰማሁ፤ እሰየው። አዲስ የመጣችውን ሴት እንዴት እንደምትመክሪ አስተምረውሻል። እኔ አደራ የምልሽ ተመልሳ ስለምትመጣዋ ነው። እሷን ሁሉም «ታውቃለች» ብሎ ያልፋታል፤ ካርዷን ተቀብሎ፣ ወግቶ፣ ቀጠሮ ጽፎ «ቀጣይ!» ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ መከላከያ ከጀመሩት ከመቶ 35 ያህሉ ዓመት ሳይሞላ አቋርጠዋል። ልጅ ፈልገው የተዉ አሉ፤ የጎንዮሽ ጉዳት አስደንግጧቸው፣ የሚያስረዳቸው አጥተው የቀሩም ብዙ ናቸው።

ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል። አዝመራ ይዟት ዐሥር ቀን ያሳለፈች ሴት ካርዷን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ስታቀብልሽ ዐይንሽን አታይም፤ ቁጣ ነው የምትጠብቀው። «እንኳን መጣሽ» በያት። የሦስት ወሩ መርፌ ከቀጠሮው እስከ አራት ሳምንት ቢያልፍም ያለ ሌላ ምርመራ ይሰጣል። ከዚያ ካለፈ ደግሞ እርግዝና አለመኖሩን አጣሪና ስጪያት። «የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ብለሽ እንዳትሸኛት፤ መርፌው ራሱ የወር አበባዋን አስቀርቶባት ከሆነ መቼ ሊመጣላት ነው?

ከመውጋትሽ በፊት ቁጭ አድርገሽ ጠይቂያት። «ተስማማሽ?» ብቻ ካልሻት «እግዜር ይመስገን» ብላ ዝም ትላለች፤ ባለሙያ ማስቀየም ነውር ይመስላታል። «ደምሽ እንዴት ነው? ራስሽን ያምሻል? ጎረቤት ምን ይላል? ባልሽስ?» እያልሽ አንድ በአንድ አውጫት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ግን እንዳትሸሽግ የምታደርጊያት አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ «ደሙ ሆዴ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው አሉኝ» ትልሻለች። አትሳቂባት። መድኃኒቱ የማህፀኗን ውስጠኛ ሽፋን ስስ አድርጎ ስለሚያቆየው የሚወርድ ነገር እንደሌለ፣ የተጠራቀመም እንደሌለ በእርጋታ አስረጂያት። ጠብ ጠብ የሚል ደም ካስቸገራት ብዙ ጊዜ እየቆየ እንደሚተዋት ንገሪያት፤ የሚታዘዝ መድኃኒትም አለ። በርትቶ የሚፈስ ወይም ሕመም ያለው ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት እንዳይኖረው ትመርመር። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ።

ሕይወቷ ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። የቲቢ መድኃኒት ጀምራ እንደሆነ ካልጠየቅሻት አትነግርሽም፤ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ደግሞ የኪኒኑንና በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ያዳክማል። በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ታስብ ይሆናል፤ ከመርፌ በኋላ ማርገዝ ከሌላው ዘዴ ይልቅ ወራት ሊዘገይ እንደሚችል አስቀድማ ካላወቀች «አመከኑኝ» ብላ ታለቅሳለች፣ መንደሩም አብሮ ይሸሻል።

በክንዷ ያስቀበረችውን «አውጡልኝ» ካለችሽ ምክንያቷን ስሚ። በምክርና በሕክምና የሚቃለል ከሆነ ንገሪያት። አሁንም «ይውጣልኝ» ካለች ይውጣላት፤ አንቺ ካልሠለጠንሽበት የሚያወጣላትን ባለሙያ ቀኑን ቆርጠሽ አገናኚያት። «የሦስት ዓመት ነው፣ ገና ነው» እየተባለች የተመላለሰች ሴት ስታይ አንጀቴ ያራል። ክንዱ የእሷ ነው። ተከልክላ የተመለሰች የአንዲት ሴት ወሬ በውኃ መቅጃው ከተሰማ፣ ሌሎቹ መጀመሩንም ይፈሩታል።

ከባሏ ወይም ከአማቷ ተደብቃ የምትመጣም አለች። አማቲቱ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ትላለች፤ ያንን ክርክር አንቺ ቤቷ ድረስ ይዘሽባት አትሂጂ። ባሏን አብራችሁ እንድትመክሩት ከፈለገች ይምጣ፤ ካልፈለገች በሩን ዝጊ፣ ስሟን በአዳራሹ አትጥሪ፣ ካርዷን እዚያው ክፍልሽ አስቀምጪላት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የመንደር ልጅ ስለሆንሽ ይህ ካንቺ አብዝቶ ይጠበቃል።

ቀጠሮውን ከጻፍሽ በኋላ በእሷ አቆጣጠር ንገሪያት። በመስቀል ማግስት የተወጋችውን «ለገና ዐሥር ቀን ሲቀረው» በያት፤ ወይም 13 ገበያ ቁጠሪላት። መልሳ ትንገርሽ። ካሳሰባት ቀጠሮ ሳትጠብቅ እንድትመጣም ንገሪያት፤ የመጣች ቀንም ሰልፉ ቢረዝም ሳታያት አትመልሻት።