የአጎት ጋቢ

ደጎሎ ላይ አንድ ጎረምሳ ነበረ አሉ፤ ከደሴ ያስመጣት የብረት ብስክሌት ነበረችው። እንደ ብዙዎቹ የቻይናና የሕንድ ብስክሌቶች ከፊትም ከኋላም የቆርቆሮ ፓራፋንጎ ለብሳ ነው የመጣችው። ከጊዜ በኋላ የኋላው ብሎን ላላና ጠጠር በነካች ቁጥር ይንኳኳ ጀመር። ጎረምሳው እየገፋ ጠጋኙ ዘንድ ወሰዳት።

«ጋሼ፣ ይችን ቆርቆሮ ይፍቱልኝ።»

«ብሎኑን ባጠብቀውስ?»

«አይ፣ ይፍቱት። የውድድር ብስክሌት መቼ አላት!»

እዚህ ላይ እንኳ እውነቱን ነበር። ኢትዮጵያዊው ብስክሌተኛ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ ፓራፋንጎ አልነበረውም፤ ከተወዳዳሪዎቹም ማንም አልነበረውም። ተወዳዳሪ ግራም እየቆጠረ የሚሄድ ሰው ነው። ከዚያ ደግሞ ማታ ማሊያውን የሚያጥብለት፣ ካቴናውን ጠርጎ ዘይት የሚቀባለት አለ። የደጎሎ ጎረምሳ ካቴና ጠራጊ የለውም። ጠጋኙ ግን ደምበኛውን ሊከራከር አልፈለገም፤ ፒንሳውን አነሣ፣ የኋላውን ፈታ፣ ቆርቆሮውን ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀለው። የፊተኛው ስላልተንኳኳ ከነቦታው ቀረ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ። ጎረምሳው በከተማዋ ሽው ሲል ያየው ሁሉ «ቀለል አለችልህ!» ይለዋል። እስከ ግንቦት ድረስ ተሳስተሃል ብሎ ማስረጃ ሊያቀርብለት የሚችል ሰው አልነበረም። ፓራፋንጎ በበጋ የሚከላከለው ጭቃ የለምና።

ሰኔ ገባ። ደጎሎ ያለችበትን የጃማን ሜዳ በክረምት ያላየ ሰው መረሬን አያውቀውም። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጠው ያ ጥቁር አፈር፣ ውሃ ሲጠግብ ያብጥና ስንጥቁን ዘግቶ ውሃውን ከላዩ ላይ ያቆረዋል። ጫማ ላይ ከተለጠፈ ሰውየው በየእርምጃው እየረዘመ ይሄዳል።

በዚያ ሰሞን ጎረምሳው ልጅ ወዶ ነበርና ሠርጉ ለጥር እንዲደርስ ሽማግሌ ላከ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ማልደው በእግራቸው ሄዱ። ሦስተኛው አጎቱ ነው፤ ጉልበቱ አይረዳውም። «አብሽር አያ፣ እኔ አደርስሃለሁ» ብሎ ከኋላው አስቀመጠው። አጎት ለዚህ ቀን ያስቀመጠውን ጋቢ ለብሷል፤ በረዶ የመሰለ።

ጎማ ከመሬት ያነሣውን ጭቃ ይዞ እየዞረ አይኖርም። ጥቂት ከፍ ብሎ ያመልጠዋል፤ ባመለጠበት አቅጣጫም ቀጥ ብሎ ይወረወራል። ፍጥነት ሲጨምር ውርወራውም ይበረታል። የኋላው ጎማ ጭቃውን የሚወረውረው ወደ ላይ ነው። ጎረምሳው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከወገቡ እስከ ማጅራቱ ይሰመርበት ነበር። ዛሬ ግን በጎማውና በጎረምሳው ጀርባ መካከል አጎት አለ። የፊቱን ጎማ ጭቃ ደግሞ ያልተፈታው ፓራፋንጎ ይዞለታል። ስለዚህ ጎረምሳው ሸሚዙ ላይ ጠብታ ሳያርፍ ደረሰ፤ በልቡም «ይኸው፣ ቆርቆሮው ምን ሊሠራልኝ ነበር?» አለ።

አጎት ወደ ግቢው ገብቶ ከሁለቱ ጋር ተቀላቀለ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ። የልጅቱ አባት በጸጥታ ሰማ። ገና «ተቀመጡ» ሳይል አጎት ዱላውን ከግድግዳው ሊያስደግፍ ዞር አለ።

«ምነው፣ ወድቀው ነው?» አለ አባትየው።

«ኧረ አልወደቅሁም፣ ምን አይተው ነው?»

አጠገቡ ያለው ሽማግሌ ጋቢውን ጎተት አድርጎ አሳየው። ከታች እስከ ላይ ጥቁር ሰረዝ።

«ማን ነው ያመጣዎት?»

«ልጁ ራሱ ነው፤ ብስክሌት አለው» አለ አጎት፤ ይህን ቀድሞ ለማሞገሻ ያዘጋጀው ነበር።

አባትየው በአጥሩ በላይ ተመለከተ። ጎረምሳው ብስክሌቱን ተደግፎ ቆሟል፤ ንጹሕ፣ እንደወጣ።

«ከፊት የተቀመጠውን አንድ ጠብታ አልነካውም» አለ አባትየው፤ «ከኋላ የተቀመጡት ይኸው እንዲህ ሆነዋል። ልጄን የት ላይ ሊያስቀምጣት ነው?»

መልስ የሰጠ የለም። «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ኑ» ተባለና ወጡ። አጎት ከነጉልበቱ በእግሩ ተመለሰ።

ጎረምሳው ጠጋኙ ዘንድ በንዴት ደረሰ። «እኔን እኮ አልነካኝም ጋሼ! ጠብታ!» ይላል።

«አጎትህ እያሉ እንዴት ይንካህ?» አለ ጠጋኙና ቆርቆሮውን ከምስማሩ አወረደ። ዝም ብሎም አልገጠመው። በመረሬ አገር ጎማ ላይ የተጠጋ ፓራፋንጎ ጭቃ ጠቅጥቆ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል፤ አውልቀው የሚጥሉት ሁሉ ሞኞች አይደሉም። ስለዚህ መደገፊያ ሽቦውን አርቆ አስሮ፣ ከጎማው በላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። ብሎኑ ሥር ንዝረት የሚውጥ የጎማ ቁራጭ አደረገ፤ መንኳኳቱ በዚያው ቀረ። ከአሮጌ ከመነዳሪም ምላስ የሚመስል ቆርጦ በሁለቱም ፓራፋንጎ ጫፍ አንጠለጠለ። የፊተኛው ምላስ የፊቱ ጎማ የሚረጨውን አሸዋና ጭቃ ከእግርና ከካቴና ይመልሳል። አሸዋ ከዘይት ጋር ከተቀላቀለ ካቴናውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የኋላኛው ከኋላ ለሚመጣው ሰው ነው።

ነሐሴ ላይ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተላኩ። አጎት ከመቀመጡ በፊት ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ከዚያ ወጣ። ያን ቀን «ተቀመጡ» ተባሉ።

ምሳሌው ይኸው ነው። ስለ ፓራፋንጎ ጥቅም ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠየቀው ነጂው ነው፤ ሱሪህ ተረጨ? ጀርባህ ቆሸሸ? ነጂው አልተረጨሁም ካለ ነገሩ እዚያው ይዘጋል። በብሪታንያ ብዙ የብስክሌት ክበባት በክረምት አብረው ሲጋልቡ ፓራፋንጎ፣ ያውም ረጅም ምላስ ያለው፣ ማሰር የአባል ወግ ነው። ምላሱ ለባለቤቱ የሚያደርግለት ነገር እምብዛም ነው፤ ከኋላ የሚከተለው ጓደኛ ግን አፉን ከፍቶ መተንፈስ ይችላል። በእኛም ከተሞች ኩሬ ሰንጥቆ የሚያልፈው ሾፌር ለክፋት ብሎ አይደለም የሚረጨን፤ መስኮቱ ዝግ ነው፣ መቀመጫው ደረቅ ነው፣ ለእሱ መንገዱ ጭቃ የለውም። እኔን ከክፋቱ ይልቅ ይህ አለማወቅ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ያደረገውን ያውቃል።

የራሱን ያደረቀ ሰው የሌላውን መርጠብ እንደማያይ የጃማ ገበሬ ከማሳው ያውቀዋል። መረሬ ውሃ ሲያቁር ስንዴው ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ መደብ ይወጣል፣ በመደቦቹ መካከል ቦይ ይከፈታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢልካ የተባለው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብ የሚያወጣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ የሠራው ለዚሁ አፈር ነበር። መሣሪያው ውሃውን ከማሳው ያስወጣል፤ እሱን አሳምሮ ይሠራል። የወጣው ውሃ ግን የሆነ ቦታ መድረስ አለበት፤ የጋራ መውረጃ ካልተቆፈረ የሚያርፈው ከታች ባለው ሰው ስንዴ ላይ ነው። የላይኛው ገበሬ ዳር ቆሞ ማሳውን ቢያይ ጠፍፎለታል። መውረጃው ደግሞ በአንድ ሰው ጉልበትና በአንድ ሰው መሬት ብቻ አይወጣም፤ ከላይ ያለውም ከታች ያለውም ሰኔ ሳይገባ፣ መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ፣ በየትኛው ድንበር በኩል እንደሚያልፍ መስማማት አለባቸው።