ፈቃደ እግዚአብሔርን በምን እናውቃለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከጉባኤ በኋላ እርስ በርሳችን ከምንጠያየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ዘወትር ይመለሳል። ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ የተነሣው ወንድማችን «ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ይላል። ሌላው ስለ ትዳር ይጨነቃል። አንዲት እኅት ደግሞ ገዳም ለመግባት ታስባለች፤ ነገር ግን የሚጠራት እግዚአብሔር ይሁን ወይም ያስመረራት የቤቷ ችግር ይሁን አልለየላትም። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ልብስ ሳይስማማ ቢቀር ይለወጣል፤ ትዳርና ምንኵስና ግን እንደ ልብስ የሚለወጡ አይደሉም።

ይህን የምጽፈው ዐውቄ ለማሳወቅ አይደለም፤ ተሳስቼ ስለ ተማርሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቤታችን እጅግ በራቀ ከተማ ሥራ ተገኘልኝ። አባቴ ዐርፏል፤ እናቴ ታማሚ ናት፤ ታናናሾቼ ገና ተማሪዎች ናቸው። ልሂድ ወይስ ልቅር? ሦስት ቀን ጾምሁ። ከዚያም በሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ «ሂድ»፥ «ቅር» ብዬ ጽፌና ጠቅልዬ በእመቤታችን ሥዕል ሥር አኖርሁና አንዱን አነሣሁ። «ቅር» የሚለው ወጣ። በጸሎቴ ጊዜ ልቤ ስለ ባከነ ነው ብዬ ደገምሁ። አሁንም «ቅር» ወጣ። በሦስተኛው «ሂድ» ሲወጣ «ተመስገን! ሥላሴ በሦስት ነው» ብዬ እጅግ ደስ አለኝ።

ይህንኑ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፥ አራተኛውን ያላነሣኸው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀጥለውም «እናትህንስ ጠየቅሃት?» አሉኝ። አልጠየቅኋትም። በወረቀት እግዚአብሔርን ሦስት ጊዜ የጠየቅሁ እኔ፥ አጠገቤ የተኛችውን እናቴን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር በቅዱሳት መጻሕፍት ስፈልገው ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

1ኛ፤ መጠየቅ ብቻውን መታዘዝ አይደለም። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሰዎች ከፈረሰች በኋላ የተረፈው ሕዝብ ወደ ነቢዩ ኤርምያስ መጥቶ የምንሄድበትን መንገድ እግዚአብሔርን ጠይቅልን አለው። መልሱ ደግም ይሁን ክፉ እንታዘዛለን ብለውም ማሉ። ነቢዩ ጸለየ፤ ቃሉም የመጣለት ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። መልሱ በአገራችሁ ተቀመጡ፥ ወደ ግብፅ አትውረዱ የሚል ነበር። እነርሱ ግን ሐሰት ትናገራለህ አሉት (ኤር. 42ና 43)። ለምን? ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ ጥያቄውን ያቀረቡት ወደ ግብፅ ሊሄዱ ተነሥተው በቤተ ልሔም አጠገብ ሰፍረው ሳለ ነው (ኤር. 41፥17)። ጓዛቸው ተጭኗል፤ የቀራቸው ማኅተም ብቻ ነበር። የእኔም ሦስተኛ ዕጣ ይኸው ነው። እንግዲህ ስንጸልይ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን፥ መልሱ እኔ የማልወደው ቢሆን እቀበላለሁን? የሚለውን ነው።

2ኛ፤ ምልክት መለመን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ብዙዎቻችን የጌዴዎንን ፀምር እንጠቅሳለን። ነገር ግን ጌዴዎን ሄዶ እስራኤልን እንዲያድን አስቀድሞ ታዝዞ ነበር (መሳ. 6፥14)፤ ፀምሩን ያሰጣው ትእዛዙን ባለማወቁ ሳይሆን በመፍራቱ ነው። እግዚአብሔርም ለድካሙ ራራለት። ርኅራኄውን ሕግ ልናደርገው አይገባም።

የአብርሃም አገልጋይ የለመነው ምልክት ግን ሌላ ትምህርት አለው። ለይስሐቅ የምትሆነው ልጅ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለግመሎቼም ውኃ የምትቀዳ ትሁን ብሎ ለመነ። ግመሎቹ ዐሥር ነበሩ። ከመንገድ የመጣ የተጠማ አንድ ግመል ምን ያህል እንደሚጠጣ የሚያውቅ ሰው፥ ርብቃ በእንስራዋ ወደ ምንጩ ስንት ጊዜ እንደ ወረደች ይገምት። አገልጋዩ የሰማይ ብልጭታ አልጠየቀም፤ ጠባይን የሚገልጥ ሥራ ለማየት ለመነ እንጂ። ምልክቱ ራሱ ማስተዋል ነበረበት። ከዚህም ሁሉ በኋላ ቤተ ሰቦቿ ርብቃን ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ትሄጂያለሽን? ብለው ጠየቋት፤ እርሷም በገዛ አፏ እሄዳለሁ አለች (ዘፍ. 24)። ምልክቱ ፈቃዷን አላስቀረውም።

ወንድሞች፥ ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። «እግዚአብሔር አንቺን እንዳገባ አሳይቶኛል» ብሎ ለአንዲት እኅት መንገር በመካከላችን አልጠፋም። እርሷ እምቢ ብትል ከእርሱ ጋር ሳይሆን ከፈጣሪዋ ጋር የተጣላች መስሎ ይሰማታል። ይህ ፍቅር አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ስም ለራስ ጉዳይ ማዋል ነው። በዐሥርቱ ትእዛዛት ስሙን በከንቱ እንዳንጠራ ታዝዘናል፤ እኔ ይህ አንዱ ከንቱ አጠራር ይመስለኛል። እግዚአብሔር ለአንተ ቢናገርህ ለእርሷም መናገር አይሳነውም። አንተ «ወድጄሻለሁ» በል፤ እርሷም በነጻነት ትመልስ።

3ኛ፤ ስለ ዕጣ። «ሐዋርያትስ ማትያስን የመረጡት በዕጣ አይደለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ዕጣው የተጣለው ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ከጌታ ጋር በነበሩ፥ በተመሰከረላቸው በሁለት ሰዎች መካከል ነው (ሐዋ. 1፥21-26)። ይህም የሆነው መንፈስ ቅዱስ ከመውረዱ በፊት ነው። ከጰራቅሊጦስ በኋላ በሐዋርያት ሥራ ውስጥ ዕጣ ሲጥሉ አናነብም። ከአሕዛብ ስለ አመኑት ታላቅ ክርክር በተነሣ ጊዜ በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ተነጋገሩ፤ ጴጥሮስ ተናገረ፥ በርናባስና ጳውሎስ ተደመጡ፥ ያዕቆብ ከነቢያት ቃል አመሳከረ፤ ከዚያም በአንድነት ወሰኑ (ሐዋ. 15)። መንፈስ ቅዱስን የተቀበለች ቤተ ክርስቲያን መምከርን አልተወችም።

4ኛ፤ መሳካት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። «ፈቃዱ ቢሆን ኖሮ ይሳካ ነበር» ማለት ለምደናል። ቅዱስ ጳውሎስ በእስያ እንዳይሰብክ ተከለከለ፥ ወደ ቢታንያም እንዳይሄድ ተከለከለ፤ በሌሊት ራእይ ተጠርቶ ወደ መቄዶንያ ተሻገረ። በዚያም ፊልጵስዩስ ላይ ተገርፎ እግሩ ከግንድ ጋር ተጠረቀ (ሐዋ. 16)። በፈቃዱ ሄዶ ወኅኒ ገባ። ጌታችንም በጌቴሴማኒ የአባቱን ፈቃድ ባስቀደመ ጊዜ የጠበቀው መስቀል ነበር።

5ኛ፤ መንገዱ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የተባሉ ሁለት የጢሮስ ልጆች ተማርከው በአክሱም ቤተ መንግሥት አገለገሉ። ንጉሡ ሲሞት ነጻ ለቀቃቸው፤ ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ እንዲቆዩ ለመነቻቸው፤ ቆዩም። በመጨረሻ ሲሰናበቱ ኤዴስዮስ ዘመዶቹን ናፍቆ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለአክሱም ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ከአንተ የተሻለ ማን አለ ብሎ እርሱኑ ሾመው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ይህ ነው። ኤዴስዮስስ? በጢሮስ ቅስና ተቀብሎ አገለገለ፤ ታሪኩንም ለጸሐፊው ለሩፊኖስ የነገረው እርሱ ነው። ወደ ቤቱ የተመለሰውን ማንም አልኰነነውም። ፍሬምናጦስም ሹመቱን ፈልጎ አልሄደም፤ ለሌሎች ሊለምን ሄዶ በአባት አፍ ተጠራ እንጂ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን፥ ነገሩ ትእዛዙን የሚያፈርስ ከሆነ ሱባኤ መግባት አያስፈልግም፤ መልሱ ተጽፏል። በውሸት ማስረጃ ሥራ ልቀጠር ወይስ አልቀጠር ብሎ ዕጣ የሚጥል አይኑር። ትእዛዝን የማያፈርስ ከሆነ እንጹም፥ እንጸልይ፤ የንስሐ አባታችንን እናማክር፤ ውሳኔያችን የሚነካቸውን ሰዎች ፊት ለፊት እንጠይቅ። ጊዜ እንስጠው፤ ነቢዩ እንኳ ዐሥር ቀን ጠብቋል። ከዚያ በኋላ እንወስን፤ ስንወስንም «እኔ ወሰንሁ፥ አምላኬ ሆይ እርዳኝ» እንበል። ኃላፊነቱን በእርሱ ላይ ጥለን እንዳንሸሽ።

የእኔን ነገር ልፈጽም። በዚያው ማታ እናቴን ጠየቅኋት። እኔ ብቻዬን ትቀራለች ብዬ እጨነቅ ነበር፤ እርሷ የምትጨነቀው ግን ታናሽ እኅቴ እርሷን ለማስታመም ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ነው። ይህን በየትኛው ወረቀት ላይ አገኘው ነበር? አክስታችን አብራት እንድትኖር ለመንናት፤ እኔም ከደመወዜ በየወሩ ልልክ ቃል ገብቼ፥ በንስሐ አባቴ ጸሎት ተሸኝቼ ሄድሁ። እኅቴ ትምህርቷን ጨረሰች። እናቴ ግን በሁለተኛው ዓመት ዐረፈች፤ ለቀብሯ እንጂ ለእስትንፋሷ አልደረስሁም።

ቀርቼ ቢሆን ይሻል ነበርን? አንዳንድ ሌሊት ይህ ጥያቄ ይመጣብኛል። ግን ያን ማታ አጠገቧ ተቀምጬ የተነጋገርነው ያጽናናኛል። በሦስተኛው ዕጣ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምታስብ ሳላውቅ እቀብራት ነበር።

አምላካችን ፈቃዱን የምናስተውልበትን ልቡና፥ ካስተዋልንም በኋላ የምንፈጽምበትን ኃይል ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።