ስንተኛ ወጣህ?

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እናቱን ሊጠይቅ ከጀርመን አገር መጥቶ ሲመለስ አምቦ ላይ ቤቴ ጎራ አለ። እርሱም ጢሙ ሸብቷል፤ እኔም ጡረታ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ። ቡናው እስኪፈላ የአምቦ ውሃ ከፍቼለት ስንጫወት ከቦርሳው የታጠፈ ወረቀት አወጣና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ፤ የልጄ ካርድ ነው» አለኝ።

ካርድ ሲባል እኛ የምናውቀው አንድ ነው። የትምህርቱ ዓይነት በግራ፣ ማርኩ በቀኝ፣ ከታች ድምሩ፣ አማካዩ፣ ኮንዳክቱ፤ ከዚያ ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥልባት ቦታ፣ ደረጃ። ይኸኛው ግን አምስት ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ነው። ከቀኑና ከክፍሏ በቀር ቁጥር የለበትም። ጀርመንኛ ስለማላውቅ እየተረጎመ ያነብልኝ ጀመር። የጂኦሜትሪው መምህር ልጅቷ ሥዕሉን በጥንቃቄ ጀምራ መጨረሻው ላይ እንደምትቸኩል ጽፏል። የታሪኩ መምህር ደግሞ በክርክር ጊዜ የሌላውን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ የጀመረችው በዚህ ዓመት መሆኑን ይመሰክራል። አንድ ገጽ ሙሉ ሦስት ሳምንት ገበሬ ቤት ስለ መቆየቷ ነው። ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ ላም አልባለች፤ በረት ጠርጋለች። እዚህ ላይ ተማሪዬ ማንበቡን ትቶ ሳቀ። «ላም ማለብ ተምራ መጣች ብዬ ለእናቴ ብነግራት፣ ‹ለዚህ ነው እንዴ ጀርመን ድረስ የሄድከው?› አለችኝ።»

ሳቁ ሲያልቅ ጭንቀቱ መጣ። «ዘጠነኛ ክፍል ጨርሳ ስንተኛ እንደሆነች አላውቅም። ስንተኛ ወጣሽ ስላት ጥያቄው ራሱ አይገባትም። እኔ እኮ ጋሼ፣ ሰው የሆንሁት እርስዎ ክፍል ሦስተኛ የወጣሁ ዕለት ነው።»

አቦሉ ቀርቦ ነበር። ስኒውን መልሼ አስቀመጥሁት። ለምን እንዳስቀመጥሁት በኋላ እመለስበታለሁ።

ትምህርት ቤቱ ዋልዶርፍ ከሚባሉት አንዱ ነው። የስሙ ምንጭ የሲጋራ ፋብሪካ ነው ቢባል ማን ያምናል? በ1919 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ ሽቱትጋርት ከተማ የነበረውን የዋልዶርፍ አስቶሪያ ሲጋራ ፋብሪካ ይመራ የነበረው ኤሚል ሞልት ለሠራተኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁምለት ሩዶልፍ ሽታይነር የተባለውን አሳቢ ጠየቀው። ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ልጆች ይዞ ተከፈተ። የሠራተኛውና የባለጸጋው ልጅ፣ ወንዱና ሴቷ፣ አንድ ክፍል መቀመጣቸው ለዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር። ናዚዎች በ1938 ዘጉት፤ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ተከፈተ። ዛሬ ናይሮቢ ያለውን ጨምሮ በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ ይበልጣሉ። ሽታይነር ስለ መንፈስ ዓለም ያስተማረውን እኔ አልከተልም። ስለ ሰው ዘር ከጻፋቸው አንዳንዶቹም ለጥቁር አንባቢ የሚዋጡ አይደሉም፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ አይገባም። ጉዳዬ ግን ከሰውዬው ጋር ሳይሆን ከካርዱ ጋር ነው።

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ መምህር ከልጆቹ ጋር አብሮ ያልፋል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ለየትምህርቱ የየራሱ መምህር ይመደባል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ለሦስት ለአራት ሳምንት አንድ ትምህርት ብቻ ሁለት ሰዓት ግድም ይማሩና ወደ ሌላው ይዞራሉ። የተማሩትን በእጃቸው ጽፈውና ስለው ደብተሩን ራሱን መጽሐፍ ያደርጉታል። አሥራ ሁለተኛ ሲደርሱ ክፍሉ በሙሉ አንድ ቴአትር ያዘጋጃል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አይደለም። የኔታ ልጁ ዳዊት እስኪደግም ይጠብቁታል እንጂ ከጓደኞቹ ስንተኛ እንደሆነ አይነግሩትም፤ አለንጋው እንዳለ ሆኖ ማለቴ ነው። በኦሮሞ ገዳም እኩዮች በስምንት ስምንት ዓመት እርከን አብረው ይሻገራሉ፤ የሜጫው ኦዳ ቢሲል ደግሞ ያለው እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ነው። ላምና መጽሐፍ አንድ ግቢ ውስጥ ይኑሩ ከተባለም በ1939 ዓ.ም. የተመሠረተው የአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚሁ ሐሳብ የራቀ አልነበረም። ቴአትሩንም ቢሆን አምቦ ታውቀዋለች። ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስ የጻፈው ቴአትር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታይቷል። ያን ዓመት ስንተኛ ወጣ ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

እንግዲህ እንዲህ ከሆነ «ደረጃ ይቅር፣ ልጁ ይታወቅ» ብሎ መጨረስ ቀላል ይመስላል። እኔም ያንን ስኒ ባላስቀምጥ ኖሮ እንዲሁ ብዬ እጨርስ ነበር።

መምህር የነበረ ሁሉ ሮስተር መሥራት ምን እንደሆነ ያውቃል። በ1979 ዓ.ም. ከአምቦ ብዙ በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል ስም ጠሪ ነበርሁ። ክፍሉ አርባ ሁለት ተማሪ ብቻ ነበረው፤ በእኛ አገር ይህ በጣት የሚቆጠር ማለት ነው። መምህራኑም ጥቂት ነበርን፤ ምሳ አንድ ቤት እንበላለን፤ በገበያ ቀን ከተማሪዎቻችን ወላጆች ድንች እንገዛለን። ሁሉንም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ያ ዛሬ ጀርመን የሚኖረው ልጅ ከስምንት ኪሎ ሜትር ላይ በእግሩ ይመላለሳል። አባቱ ሞቶበታል። ዝናብ ሲይዘው ደብተሩን ከሸሚዙ ሥር ሸጉጦ ይገባል። ከትምህርት በኋላ ሰሌዳ እያጠፋልኝ ስለ አድዋ ይጠይቀኛል፤ ስለ ናፖሊዮን ይጠይቀኛል። የሰኔው ሮስተር ሲደመር አራተኛ ወጣ። ከሦስተኛዋ ልጅ ያነሰው በአንድ ማርክ ነበር። ሽልማት ደግሞ እስከ ሦስተኛ ነው። ማታ በኩራዝ ብርሃን የታሪክ ወረቀቱን እንደገና አወጣሁና አንዱ የማብራሪያ ጥያቄ ላይ ሁለት ማርክ ጨመርሁለት። ለነገሩ መልሱ መጥፎ አልነበረም፤ ሰው ለራሱ ምክንያት አያጣም። በሽልማቱ ቀን መዝገበ ቃላት ተቀብሎ ሲመለስ ከእርሱ ይልቅ ያጨበጨብሁት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ የነበረችው ልጅ አራተኛ ሆነች። ካርድ ከተሰጠ በኋላ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና፣ «ቲቸር፣ የኔ ስሕተት የቱ ላይ ነው?» አለችኝ። ተማሪ ማርክ ሲደምር ከመምህሩ አይሳሳትም፤ የእርሷንም የእርሱንም ደምራ እንደነበር ከዓይኗ ያስታውቅ ነበር። «ምንም አልተሳሳትሽም፤ በርቺ» አልኋት። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ንግግር በዚያ ዓመት አልተናገርሁም፤ ከዚህ የበለጠ ውሸትም እንዲሁ።

ስለዚህች ልጅ ምን አውቅ ነበር? መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። አታረፍድም። አትጠይቅም። በቤቷ የምትናገረው ኦሮምኛ ነው፤ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከድንች ዋጋ አያልፍም ነበር። ልጁም ኦሮሞ ነው፤ አማርኛው ግን እንደ ውሃ ይፈሳል። ስለዚህ ያወቅሁት የሚያወራኝን ነው እንጂ ተማሪዎቼን አልነበረም። እርሷ ስንት ኪሎ ሜትር ተጉዛ እንደምትመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ከእርሱም ይርቅ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት አሥረኛን ጀምራ በገና አቋረጠች። ያቋረጠችው በሁለት ማርክ ነው አልልም፤ አይደለም ብዬ ግን መማል አልችልም።

ታዲያ ውድ አንባቢ፣ ያን ማታ ዕውር የሆነው ቁጥሩ ነበር ወይስ እኔ? ቁጥሩ እንዳለ ቢተው ልጅቷ ሦስተኛ ነበረች። ቁጥር የማንንም አባት መሞት አያይም፤ የማንንም አማርኛም አይሰማም። ዘመድ ለሌለው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በጠባብ ከተማ፣ በትንሽ ትምህርት ቤት፣ «ሁላችንም ቤተሰብ ነን» ሲባል መጠየቅ ያለበት ቤተሰቡ ውስጥ ማን ገብቶ ማን ደጅ እንደቀረ ነው። ለልጁ የነበረኝ ፍቅር እውነተኛ ነበር። የበደለውም ሐሰተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ግማሽ ስለሆነ ነው።

ይኸው ግማሽ ፍቅር በአገር ደረጃ ምን እንዳደረገን አይተናል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየአካባቢው ሲሰጥ «ልጆቻችን ናቸው» እየተባለ ስንቱ መልስ ከመስኮት ገባ! በ2014 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ሲደረግ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ከ845 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 27 ሺህ ያህሉ፣ ማለትም 3.2 በመቶ፣ ብቻ አለፉ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች የጠላ ብዙ ነው። እኔ ግን ለዓመታት ስንዋሻቸው የኖርናቸውን ልጆች መጀመሪያ ያከበራቸው ይህ ቁጥር ነው እላለሁ።

ዳሩ ግን ቁጥሩም ቢሆን ልጅቷን አያውቃትም። ሦስተኛ ብሎ መዝገበ ቃላት ያስይዛት ነበር፤ በገና ስትቀር ግን ከስሟ ላይ መስመር ከማስመር በቀር የሚያደርገው የለም። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ በቀይ ብዕር፣ በማስመሪያ።

ተማሪዬ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ካወራኝ ሁሉ የያዘኝ ይህ ነው። መምህራኑ በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፤ ዛሬ ስለ እገሌ ነው ተብሎ አንድ ልጅ ይመረጥና እያንዳንዱ ያየውን ይናገራል። ጎበዝ ነው ሰነፍ ነው አይባልም፤ እንዴት ይራመዳል፣ ከማን ጋር ይቀመጣል፣ ሲያዝን ምን ያደርጋል ይባላል። የእንጨት ሥራው መምህር ያየውን የሒሳቡ መምህር አላየውም ይሆናል። በዚያ ጉባኤ ላይ ተራው ለሁሉም ይደርሳል፤ የሚወራው ሰሌዳ ስለሚያጠፋው ልጅ ብቻ አይደለም። እኛ አብረን ምሳ ስንበላ ስለ ተማሪ አላወራንም ማለት አይደለም፤ እናወራ ነበር፤ ግን ስለሚያስቁን፣ ስለሚያስቸግሩንና ስለምንወዳቸው ነው። ጸጥ ያለ ልጅ ከወጥ ጋር አይቀርብም።

ለዚህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ጌዶ ወይም ጊንጪ ላይ ሰባ ልጅ የያዘን መምህር ለእያንዳንዱ አምስት ገጽ ጻፍ ማለት ግፍ ነው። ጀርመኖቹም ቢሆኑ ከቁጥር አላመለጡም፤ በመጨረሻው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመንግሥቱን ፈተና ይቀመጣሉ፤ ውጤቱም እንደ እኛው በቁጥር ነው። ይህን ስነግረው ተማሪዬ ትንሽ ልቡ ተመለሰ። «እንግዲያው ስንተኛ እንደሆነች አንድ ቀን እሰማለሁ» አለ።

በረካው እስኪቀርብ ድረስ ልንገረው አልንገረው እያልሁ ቆየሁ። በመጨረሻ ነገርሁት፤ ኩራዙን፣ ወረቀቱን፣ ሁለቱን ማርክ። ፊቱ ምንም አልተለወጠም። ብዙ ዝም ብሎ ስኒውን ሲያዞር ቆየና፣ «እርሷ ማን ነበረች?» አለኝ።

«መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው» አልሁት።

«የትኛዋ?»

ስሟን ነገርሁት። አላስታወሳትም። ዓመቱን በሙሉ በሁለት ወንበር ርቀት አብሯት ተቀምጧል።

ሲሄድ የልጁን ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ረስቶት ሄደ፤ ወይም ትቶልኝ። እኔም በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ነጭ ወረቀት አወጣሁና፣ እነዚያ መምህራን እንደሚያደርጉት ስለ ልጅቷ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥሁ። መስኮቱ አጠገብ ትቀመጥ ነበር ብዬ ጻፍሁ። አታረፍድም ነበር ብዬ ጻፍሁ። አንድ ቀን ስሕተቷ የቱ ላይ እንደሆነ ጠየቀችኝ ብዬ ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ አጣሁ፤ ወረቀቱ ግማሹ እንኳ አልሞላም።