ከማማ ላይ የሚጠየቅ ሰው

አምላክ የሚጠብቅ ከሆነ የሰው ጥበቃ ምን ይጨምራል? ጥያቄው የሊቃውንት ይመስላል፤ እኔ ግን የተዋወቅሁት ልጅ ሳለሁ፣ ሳጉሬ፣ ከገብስ ማሳችን ዳር በተተከለ ማማ ላይ ነው። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በገመድ የታሰረ ርብራብ፣ ከላዩ የሣር ክዳን። ገብሱ እሸት ሲይዝ ከርከሮ ሌሊት ይወርድበታል። ከጭላሎ በኩል የሚመጣው ብርድ ጋቢ አያግደውም። ወንጭፍና የምንቀጠቅጠው ጣሳ ይዘን እየተፈራረቅን እናድር ነበር።

እናቴ «ጠባቂስ አንድ እሱ ነው» እያለች ቆሎ ቋጥራ ትሰደኛለች፤ ቅር በል ግን ብላኝ አታውቅም። ማሳ አዋሳኛችን ሀጂም፣ ግመሉን አስሮ ወይስ ፈትቶ በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቀ ሰው ነቢዩ አስሮ እንዲመካ መንገራቸውን ያጫውቱን ነበር።

በታሪክም ጸሎትንና ጥበቃን አብረው የያዙ ነበሩ፤ የማልታን ደሴት ይገዙ የነበሩት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የምንኩስና መሐላ የነበረባቸው ናቸው። የባሕር ወንበዴ ሲያሰጋቸው አለቃቸው ማርቲን ደ ሬዲን በ1658 እና 1659 እ.ኤ.አ. በባሕሩ ዳርቻ 13 የጥበቃ ግንቦች አሠራ። ግንቦቹ እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፤ አንዱ ጠላት ሲያይ ምልክቱን ለቀጣዩ ያቀብል ነበር። ጸሎታቸው ግንቡን አላስቀረም፤ ግንቡም ጸሎታቸውን።

እንዲህ ያለ ግንብ ውስጥ ያሉ ጥቂት ሰዎች መርከብ ሙሉ ወንበዴ አይመልሱም፤ እኔም የከርከሮ መንጋ አልመልስም ነበር። ሥራችን መጮህ ነው። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 33 ጉበኛው የሚጠየቀው ጠላት ስለ መምጣቱ አይደለም፤ አይቶ ዝም በማለቱ ነው። መዝሙር 126 ደግሞ ያለ እግዚአብሔር የጠባቂ ትጋት ከንቱ መሆኑን ይናገራል። እንደ እኔ መረዳት ይህ ቃል ጠባቂውን የሚያወርደው ከትዕቢቱ እንጂ ከማማው አይደለም።

የማሳ ጠላት ግን ከርከሮ ብቻ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የተባለው የሰብል በሽታ የአርሲንና የባሌን ስንዴ መትቷል። ዋግ በነፋስ ከማሳ ማሳ ይሻገራል፤ የአንዱ ዝምታ የሌላውን ጎተራ ባዶ ያስቀራል። «እግዜር ያውቃል» ማለት እምነት የሚሆነው የታየው ከተነገረ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ስንፍና ነው። ስለዚህ ወገኔ፣ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት ካየህ መጀመሪያ ለጎረቤትህና ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ንገር፤ ጸሎቱንም አትተው።