የተማሪ ስህተት በማን ላይ ይውደቅ?

ተማሪ በደብተሩ ላይ ቢሳሳት ጉዳቱ ከራሱ አያልፍም። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበታል፣ ነጥቡ ይጎድላል፣ ደብተሩም ከዓመቱ ጋር ይረሳል። ታዲያ የቤት ሥራው የሚጻፈው ዓለም በሚያነበው መዝገብ ላይ ሲሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረውና ማንም ሊጽፍበት፣ ማንም ሊያርመው የሚችለው ዊኪፒዲያ የተባለው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ዛሬ የመማሪያ ክፍል ጭምር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 በካይሮና በዐይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲዎች የቋንቋ ተማሪዎች ጽሑፎችን ወደ ዐረብኛ እየመለሱ በዚሁ መዝገብ ላይ እንዲያወጡ ተደርጓል። በስኮትላንድ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲም የትርጉም ጥናት ተማሪዎች ይህንኑ የትምህርታቸው አካል አድርገው ሠርተዋል።

እንግዲህ ጠያቂ ይነሳል፦ ገና በመማር ላይ ያለ ሰው በማያውቀው አንባቢ ላይ ሊለማመድ ይገባዋልን?

ጥቅሙን ላስቀድም። ለመምህር የሚጻፍ ድርሰት አንድ አንባቢ ብቻ አለው፤ እሱም ቢሆን መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ ተማሪው ያልገባውን ነገር በረጅም ዓረፍተ ነገር ሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። ለሕዝብ ሲጽፍ ግን መሸሸጊያ የለውም። ለምሳሌ በእንግሊዝኛ የሕክምና ጽሑፍ ውስጥ «ክሮኒክ» የሚል ቃል ይገጥመዋል። ብዙዎቻችን «ከባድ» ብለን እናልፈው ይሆናል፤ ቃሉ ግን የሚናገረው ስለ ሕመሙ ክብደት ሳይሆን ስለ ቆይታው ነው። ሥር የሰደደ፣ ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ ማለት ነው። ቀላል ሆኖ ዓመታት የሚቆይ ሕመም አለ፤ በጥቂት ቀናት የሚገድልም አለ። ልጇ ታሞባት ያንን ገጽ የምታነብ እናት «ከባድ» የሚለውን ስታይ ምን ይሰማታል? ተማሪው ይህችን እናት ካሰባት ለአንዲት ቃል ሲል መዝገበ ቃላት ያገላብጣል፣ ሐኪም ይጠይቃል። ለፈተና ከሸመደደው ይልቅ የሚቀርለት ይህ ይመስለኛል።

ምንጭ የመጥቀሱም ልማድ ቀላል ትምህርት አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት «ከማን ሰማኸው?» እያሉ የዘጋቢውን ሰንሰለት ይመረምሩ እንደነበር አንባቢ ያውቃል። የዊኪፒዲያ ሕግም በራሱ መንገድ «ከየት አገኘኸው?» ይላል። ተርጓሚው የተረጎመውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ የተመሠረተባቸውን ምንጮች ጭምር ማየት አለበት፤ አለዚያ የሌላውን ስህተት በራሱ ቋንቋ ደገመው ማለት ነው።

ይሁንና ሌላም ገጽታ አለው። ከዚያው ከስኮትላንድ ሳንወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በስኮትኛው ዊኪፒዲያ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችን የጻፈው ቋንቋውን የማይናገር አንድ አሜሪካዊ ወጣት መሆኑ ታወቀ። ሥራውን የጀመረው ገና በልጅነቱ ነበር፤ የእንግሊዝኛውን ቃል በመዝገበ ቃላት በተገኘው የስኮትኛ ቃል ይተካ ነበር። ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ለዓመታት የሚያርመው አለመገኘቱ ግን ልብ ይባል። የቋንቋው ባለቤቶች ኋላ ተሰባስበው ማረም ግድ ሆነባቸው።

የኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ ጽሑፎች አሉት፤ የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። እዚያ ብዙ ዓይን የሚጠብቀው ስህተት ቶሎ ሊታረም ይችላል፤ እዚህ ጠባቂው ጥቂት ነው። «ፓወር ፕላንት» የሚለውን መኪናው «የኃይል ተክል» ብሎ ቢተረጉመውና ተማሪው ሳያነብ ቢለጥፈው ማን ያነሳዋል? በጽሑፍ ያልበለጸገ ቋንቋ ተርጓሚ ይሻል፣ የተርጓሚውን ስህተት ግን መሸከም አይችልም። የትርጉም ኮምፒዩተሮችም ቋንቋ የሚማሩት ከእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ጭምር ስለሆነ ስህተቱ ነገ መልስ ሆኖ ይመለሳል።

እኔ ሥራው ይገባል ባይ ነኝ፤ ሸክሙ ግን ከተማሪው ይልቅ በመምህሩ ላይ ይከብዳል። ረቂቁ የሚቀመጥበት የመለማመጃ ገጽ አለ፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ወደ አደባባይ ባይወጣ ምን ይጎድላል? በቃላት ብዛት ነጥብ የሚሰጥ መምህር ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ተማሪውን ወደ መኪናው የሚገፋው ራሱ ነው።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው ክርስቲያኑ ሐኪም ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ በሃያ ዓመቱ ገደማ አንድ የጋሌን መጽሐፍ ስህተት ከበዛበት የግሪክኛ ቅጂ እንደተረጎመ ራሱ ጽፏል። ወደ አርባ ሲጠጋ ተማሪው እንዲያርመው ጠየቀው፤ እሱም ያሰባሰባቸውን በርካታ ቅጂዎች እርስ በርስ አመሳክሮ አረመው። የዊኪፒዲያም ገጽ ማን ምን እንደጻፈ ከነቀኑ ያስቀምጣል። ዲግሪውን ይዞ ከወጣ በኋላ የጻፈውን ተመልሶ የሚያይ ተማሪ ግን ስንቱ ነው?