የምድረ በዳው ቁጥቋጦና የእኛ አደራ



እግዚአብሔር ሰውን ከፈጠረ በኋላ በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት እንደ ሆነ ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል (ዘፍ. 2፥15)። ማበጀትና መጠበቅ አይነጣጠሉም። የማይጠብቅ ሰው ልማት ብዝበዛ ይሆናል፤ ሳያበጁ መጠበቅም መክሊቱን በምድር እንደ ቀበረው አገልጋይ ያስቈጥራል። ዛሬ ስለዚህ አደራ የምንነጋገረው በአንድ የምድረ በዳ ቁጥቋጦ ምሳሌነት ነው።

የሂብ በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ቆላና በአዋሳኙ የሶማሊያ ምድር በተፈጥሮ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት በ1907 እ.ኤ.አ. ኮርዶክሲያ ኤዱሊስ የሚል ስም ሰጡት፤ የአገሩ አርብቶ አደሮች ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ያውቁት ነበር። ቀይ አሸዋማ መሬት ይስማማዋል፤ በበጋም ለምለም ነው። አበባው ቢጫ ነው። ቅጠሉን በእጁ ያሸ ሰው ጣቶቹ ይቀላሉ፤ ቅጠሉን አዘውትረው የሚበሉ ፍየሎችም አጥንታቸው ሳይቀር ቀለሙን ይይዛል። ፍሬው በጥሬው ይበላል፣ ይቀቀላል፣ ይቈላል፤ በድርቅ ጊዜም የብዙ ቤተሰብ ስንቅ ሆኖ ኖሯል።

ይህ ቁጥቋጦ ዛሬ ለመጥፋት ከተጋለጡት ዕፅዋት መካከል ይቈጠራል። ከብት በብዛት ይግጠዋል፤ እንጨቱ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ይቈረጣል። ደግሞም የሚበላው ፍሬ ራሱ ዘሩ ስለ ሆነ፣ ሁሉ ተለቅሞ ሲያልቅ በምድር ላይ ወድቆ የሚበቅል አይተርፍም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በዚያ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተዋል። እንዲህ ባለ ዘመን ልጇ የተራበባት እናት የመጨረሻውን ፍሬ ለቅማ ብታበላው ማን ይወቅሳታል? እኛ አንወቅሳትም። የሰራፕታዋ መበለት የቀራትን እፍኝ ዱቄት ለነቢዩ እንድትሰጥ በተጠየቀች ጊዜ፣ የጠየቃት እግዚአብሔር ራሱ ዱቄቱ ከማድጋው እንዳያልቅ አደረገላት (1ነገ. 17፥8-16)። እኛ ግን ማድጋዋን ሳንሞላ «ዘር አስቀሪ» ብንላት በእግዚአብሔር ስም የማይገባ ነገር መናገር ይሆንብናል። ዘሩን የማትረፍ ግዴታ አስቀድሞ የሚወድቀው በጠገበው ላይ ነው።

ስለዚህ ቆላማና ሞቃት በሆነ ስፍራ የምትኖሩ፣ አነስተኛም ቢሆን ግቢ ያላችሁ ወገኖች፣ የሂብን በደጃችሁ ልትተክሉት ትችላላችሁ። አተካከሉም ራሱ ትምህርት ነው። ዘሩ ለብዙ ወራት ከተቀመጠ የመብቀል ኃይሉን ያጣልና ትኩስ ፍሬ መገኘት አለበት። ውኃ የሚተኛበት መሬትና ውርጭ አይስማሙትም። ሥሩ ሲነካ ይጎዳልና በመደብ አብቅሎ ከመንቀል ይልቅ በሚኖርበት ቦታ በቀጥታ መዝራት፣ ይህ ካልተቻለም ረጅም በሆነ የችግኝ ከረጢት ማብቀል ይሻላል። እስኪጠና ድረስ በእሾህ አጥር ከፍየል ይከለል።

ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ትዕግሥት ነው። የሂብ አስቀድሞ ሥሩን ወደ ጥልቅ ይሰዳል፤ ከመሬት በላይ የሚታየው እድገቱ ግን በጣም ዝግ ያለ ነው። የሚያየው ሰው ሞተ ይላል፤ እርሱ ግን በስውር ውኃ ፍለጋ እየወረደ ነው። ጌታችን ዘሪው ተኝቶ ሲነሣ፣ እርሱ እንዴት እንደ ሆነ ሳያውቅ ዘሩ ስለሚያድግበት መንግሥት ያስተማረውን እናስታውስ (ማር. 4፥26-29)። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ይህ ቃል በተለይ ለእናንተ ነው። ሁለት ዓመት አስተምራችሁት በጸሎቱም በምግባሩም ለውጥ ያልታየበት ልጅ ቢኖር፣ ሥር እየሰደደ እንደ ሆነ በምን ታውቃላችሁ? ለማየት በመቸኰል የሚነቅል አትክልተኛ ችግኙን ያደርቀዋል፤ በሌሎች ፊት በማሳፈር ፍሬ የሚሻ መምህርም እንዲሁ ያደርጋል።

አንዳንዶች «ሰው እየተራበ ስለ ቁጥቋጦ መስበክ ምን ይባላል?» ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ቁጥቋጦው የተራበው ሰው እንጀራ መሆኑ ነው። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. ላውዳቶ ሲ በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው የምድር ጩኸትና የድሆች ጩኸት አብረው የሚሰሙ መሆናቸውን አስተምረዋል። ለየሂብ የሚደረግ እንክብካቤ ለእረኛው ልጅ ከሚደረግ እንክብካቤ ሊለይ አይችልም።

ይሁን እንጂ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የሂብን የጠበቁት እስከ ዛሬም የሚያውቁት ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አብዛኞቹም እስላሞች ናቸው። ወደ እነርሱ ስንሄድ እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ተማሪ እንሂድ። ዘሩን ከዱር አንልቀም፤ ትርፍ ካላቸው ለድካማቸው ተገቢውን ዋጋ ከፍለን እንቀበል። የእኛ ግቢ የሚያምረው የእነርሱ ሜዳ ተራቁቶ ከሆነ፣ ያ አታክልት ምስጋና ሊሆን አይችልም።

በደጋ የምትኖሩም የሂብን በብርድ ምድር ለማብቀል አትድከሙ። በየቁምስናችሁ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት፣ ልጆቹ ግን ስሙን የረሱት አገር በቀል ተክል አይጠፋም። በሚመጣው ወቅት ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንዱን ፈልጉ፤ ስሙን ጠይቁ፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ትከሉት። ተንከባካቢውም በስም ይታወቅ፤ ሁሉ ተክሎት ማንም የማያጠጣው ችግኝ ይደርቃልና።

በልቅሶ ዘር ተሸክመው የሚሄዱ ነዶአቸውን ይዘው በደስታ እንደሚመለሱ መዝሙረኛው ተስፋ ይሰጠናል (መዝ. 126፥5-6)። ዘሩን የሚሸከም በልቅሶ የሚሄደው ሊበላው ይችል ስለ ነበር ነው። የምንተክለውን ፍሬ እኛ ላንበላው እንችላለን፤ የሚበላው ግን ሳናውቀው ወንድማችን ነው።

ምድረ በዳን የሚያለመልም አምላክ በትንሹ ግቢያችን ታማኞች፣ በተራበውም ፊት ትሑታን ያድርገን። አሜን።